ደመወዝ ሲቀነስ ማንን እናስቀድም? በሰሌዳ ላይ ለተለጠፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከሁለት ሳምንት በፊት በመሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘሁ። ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል፤ የጸሐፊው ስም ያለበት ጥግ ተቆርጧል። ደመወዙ የተቀነሰበት ሰው ዕዳውን እንዴት መክፈል እንዳለበት በስምንት ነጥብ ይመክራል። በዚያ ሰሌዳ ፊት ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያየሁት የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም፤ ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ የብዙዎቻችን ደመወዝ ቀንሷል፣ የእኔም ጭምር።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅን ልብ ያለው ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ዕዳን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ ማለታቸው ትክክል ነው፤ ሰው ዕዳውን በልቡ ሲይዘው አንዱን ይረሳል፣ ሌላውን ያገዝፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ተበዳሪና ባንክ ብቻ ለሚኖሩበት ከተማ የተጻፈ ይመስላል። እኔ ጅማ ውስጥ በአንድ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የብድር ኮሚቴ ውስጥ 11 ዓመት ተቀምጫለሁ። እዚህ ብድር ሲባል ዋስ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ጎማ ወረዳ ቡና ያለው አጎት አለ። ስለዚህ ነጥቦቹን በተራ ላንሳቸው።

የመጀመሪያው ምክር ደመወዝህ በሲሶ ከተቀነሰ ወጪህንም የዕዳ ክፍያህንም ዛሬውኑ በሲሶ ቀንስ ይላል። አፉ ላይ ይጥማል፤ ሒሳቡ ግን አይደለም። የሚቀነሰው ጠቅላላው ደመወዝ ሲሆን ቤት የሚገባው የተጣራው ነው። 18,000 ብር ይከፈለው የነበረ ሰው ወደ 12,000 ወረደ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት በፊት 4,250 ብር ግብር ይከፍል የነበረው አሁን 2,250 ይከፍላል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮውም ከ1,260 ወደ 840 ይወርዳል። እጁ ይገባ የነበረው 12,490 አሁን 8,910 ሆኗል ማለት ነው። ከጠቅላላው 6,000 ብር ቢቀነስም ከኪሱ የጎደለው 3,580 ብር ነው፤ ከሩብ ይበልጣል እንጂ ሲሶ አይሞላም። ለማኅበሩ ሳያስፈልግ ሲሶ ቀንሼ ልክፈል የሚል ሰው በራሱ ፈቃድ ውዝፍ ይፈጥራል።

ነገሩ ተገልብጦ የሚጎዳውም አለ። መሠረታዊ ደመወዙ ሳይነካ የመስክ ወይም የትራንስፖርት አበሉ የተቋረጠበት ሰው አበሉ በሕግ በተወሰነው መጠን ግብር የማይከፈልበት ስለነበረ ጉድለቱን ምንም ግብር አያቃልልለትም። ብሩ እንዳለ ይጎድላል። እንዲህ ያለውን ሰው ደመወዝህ መቼ ተነካ የሚሉት ብዙ ናቸው፤ የባሰ የተጎዳው ግን እርሱ ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ደመወዙ የውል ጉዳይ ነው፤ አሠሪው ብቻውን ተነሥቶ የሚቀንሰው አይደለም። ፈርሙ ተብሎ የቀረበ ወረቀት ካለ ቅነሳው ለስንት ወር እንደሆነና የቀድሞው ደመወዝ መቼ እንደሚመለስ የሚል መስመር እንዲገባበት መጠየቅ ነውር የለውም። አበዳሪ ዘንድ ስትሄዱም መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምክር የጽሑፉ አከርካሪ ነው፦ ዕዳዎችህን በወለዳቸው መጠን ደርድር፣ ከፍተኛ ወለድ ባለው ጀምር፣ ወለድ የሌለውን መጨረሻ ላይ አድርግ። በሒሳብ ትምህርት ክፍል ውስጥ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር።

በመጀመሪያ ነገር ወለዱ ስንት እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ብቻ አይበቃም። 60,000 ብር በ15 በመቶ ለሦስት ዓመት የተበደሩ ሁለት ሰዎችን ውሰዱ። የአንደኛው ወለድ በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ይታሰባል፤ በወር 2,080 ብር ገደማ ይከፍላል፣ ጠቅላላ ወለዱም 15,000 አይሞላም። የሁለተኛው ወለድ እስከ መጨረሻው ድረስ በመጀመሪያው 60,000 ላይ ይታሰባል፤ በወር 2,417 ከፍሎ ወለዱ 27,000 ብር ይደርሳል። በሁለቱም ውል ላይ የተጻፈው ግን ያው 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ከመደርደራችሁ በፊት ስንት በመቶ ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ እስከ መጨረሻው በጠቅላላ ስንት ብር እከፍላለሁ በሉ። ከወለድ ነጻ በሆነው አገልግሎት በሙራባሃ፣ ማለትም ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ በሚሸጥበት ውል፣ ዕቃ የገዛ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ወለድ የሚባል ቁጥር የለውም። ዋጋው በውሉ ዕለት ተቆርጧል፤ ቀድሞ ልጨርስ ብሎ ቢቸኩልም ባንኩ ፈቅዶ ካልቀነሰለት በቀር የሚተርፈው የለም። ይህንን ዕዳ በጸሐፊው ሰልፍ ውስጥ የት እንደምናቆመው አልገባኝም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ዋሱ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባልደረባችን የቤት ኪራይ ጨመረበት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ቀረ። ከማኅበራችን የወሰደው ብድር ነበረበት፤ ከሌላ አበዳሪ የወሰደው ደግሞ ወለዱ ከእኛ ይበልጣል። ሰውየው ዛሬ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ምክር ሳያነብ ፈጸመው። ያለውን ሁሉ ወደ ውዱ ብድር አዞረ፣ ለእኛ መክፈል አቆመ። የርሱ ዋስ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። በአራተኛው ወር ከእርሳቸው ደመወዝ ተቆረጠ። ደብዳቤው ላይ ከፈረሙት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌው የደመወዝ ወረቀታቸውን አጥፈው ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ልጄ፣ ይኼ የእኔ ስም ነው ወይስ የእርሱ?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ስሙ የእርሳቸው ነው። ተበዳሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብልጥ ተበዳሪ መሆኑ ነበር። በወለድ ረገድ ጥቂት መቶ ብሮች አትርፏል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ በአንድ መስጊድ ሲሰግዱ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ሆነው ቀሩ። ዕዳው ካለቀ በኋላ እንኳ።

ይህን ካየሁ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው አንድ ነው፦ ባልከፍል መጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው? የሌላ ሰው ደመወዝ ከሆነ ያ ዕዳ ወለዱ ስንትም ይሁን ከፊት ይቆማል። ቀጥሎ መያዣ የሆነው ቤት አለ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች የሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም፤ ባንክ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የወለድ ሰልፍ ትርጉም የሚኖረው ከእነዚህ በኋላ በሚቀሩት መካከል ነው።

ወለድ የለውምና መጨረሻ ይሁን የተባለው የዘመድ ብድርስ? ጎማ ወይም ማና ወረዳ ያለው አጎት ሐምሌ ላይ ያበደረውን ብር ለለቃሚዎች የሚከፍልበት ቀን ሲደርስ ይፈልገዋል። ቡናው ሲቀላ ለቃሚ ነገ ና አይባልም። ያን ጊዜ 5,000 ብር ያጣ ሰው የሚደርስበት ጉዳት በየትኛውም የወለድ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። አጎትን መጠየቅ ያለባችሁ መቼ ነው የሚያስፈልግህ ብላችሁ ነው። ምናልባት ከገና በዓል በኋላ፣ ቡናው ከተሸጠ ወዲያ፣ እስከ ሰኔ ድረስ አልፈልገውም ይላችሁ ይሆናል። ያኔ ጸሐፊው ልክ ይሆናሉ፤ በሌላ ምክንያት እንጂ በወለዱ አይደለም።

በሦስተኛው ነጥብ ጸሐፊው ከዕቁብም ከዕድርም ለጊዜው ውጡ ይላሉ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጣቸው ራሱ ነገሩን ከሩቅ እንዳዩት ያሳያል። ዕድር ወጪ ነው፤ ነገር ግን በጅማ ካሉት ወጪዎች ሁሉ ርካሹ መድን ነው። ከወርሃዊ መዋጮው የሚተርፈውን ትንሽ ብር ለማዳን ብሎ ከዕድር የወጣ ሰው በማግስቱ ለቅሶ ቢገባበት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሬሳ ሳጥኑን፣ የሦስት ቀን እንግዳውን በብድር ነው የሚያስተናግደው። መቀነስ ካስፈለገ የማኅበር ድግሱ ይቀነስ፣ የሠርግ ስጦታው ይቀነስ።

ዕቁብ ሌላ ነው። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ዕጣው ወጥቶልሃል ወይስ አልወጣልህም ተብሎ ነው። የወጣለት ሰው ዕቁብተኛ አይባልም፣ ባለ ዕዳ ነው፤ ልውጣ ቢል የዕቁቡ ዳኛ ዋሱን ይጠራል። ያልወጣለት ሰው ግን ቆጣቢ ነው፤ ያስቀመጠው አለ። እርሱ መውጣት ሳያስፈልገው ሙሉ ዕጣውን ወደ ግማሽ ማውረድ፣ ወይም ተራው የራቀ ከሆነ ቅርብ ተራ ካለው ጋር መለዋወጥ ይችላል። ባለፈው ወር በህርማታ ገበያ አካባቢ ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ከእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጋር ተራ ተቀያየረች። እርሷ ብሩን የፈለገችው ለበዓል ዕቃ ማስገቢያ ስለነበር ቆይቶ ቢደርሳት ይመቻት ነበር፤ ሠራተኛው በደረሰው ብር አንድ ብድሩን ዘጋ። ጸሐፊው ቢጠይቁን ይህንን እንነግራቸው ነበር።

አራተኛው ነጥብ ብድርህ ከደመወዝ በቀጥታ የሚቆረጥ ከሆነ ሕግ ይጠብቅሃል፣ አትጨነቅ ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ከሠራተኛው የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ መቁረጥን ይከለክላል። (የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ የራሱን ይጠይቅ።) ደመወዙ 18,000 በነበረበት ጊዜ ጣሪያው 6,000 ነበር፤ 12,000 ሲሆን 4,000 ይሆናል። በየወሩ 5,200 ይቆረጥበት የነበረ ሰው አሁን 4,000 ብቻ ሲቆረጥበት እፎይ ይላል። ያቺ 1,200 ብር ግን ምሕረት አልተደረገላትም። አበዳሪው መዝገብ ላይ ውዝፍ ተብላ ትቀመጣለች፤ ቅጣት ካለ ቅጣት ይቆጠርባታል፤ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላም ተጠራቅማ ትመጣለች። ሒሳብ ክፍል ለአበዳሪ ደውሎ የሰውየው ደመወዝ ቀንሷል ብሎ ይነግራል ብላችሁ አትጠብቁ። በ11 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስልክ አንድም ቀን አልተደወለልኝም።

የክፍያ ጊዜን ማስረዘም ምንጊዜም ይጠቅማል የሚለውን አምስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። 40,000 ብር ቀሪ ዕዳ በ15 በመቶ፣ ወለዱ በቀሪው ላይ እየታሰበ፣ በ20 ወር ቢከፈል በወር 2,273 ብር ነው። ወደ 40 ወር ቢረዝም ክፍያው ወደ 1,277 ይወርዳል። ወለዱ ግን ከ5,500 ገደማ ተነሥቶ ከ11,000 በላይ ይሆናል። በየወሩ የሚገኘው 1,000 ብር እረፍት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያቆይ ከሆነ እኔ ራሴ አስረዝሙ እላለሁ፤ ዋጋውን አውቃችሁ ግን ግቡበት። ማስረዘም ከሆነም ሳትዘገዩ ነው። የባንክ ብድር 90 ቀን ሳይከፈል ከቆየ ከጤነኛው ብድር መዝገብ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነጋግራችሁ ሰውም፣ የሚያነጋግርበት ድምፅም ሌላ ነው።

ስድስተኛው ነጥብ ያስቆጣኛል። እስከ ደመወዝ ቀን ለመድረስ በስልክ የሚገኝ ትንሽ ብድር ተጠቀሙ ይላል። ስልክ ላይ ወለድ የሚባል ቃል ስለማታዩ ነው ትንሽ የሚመስለው፤ የአገልግሎት ክፍያ ይባላል። ለምሳሌ 1,000 ብር ወስዶ ከወር በኋላ 1,070 የሚመልስ ሰው፣ በየወሩ እንዲህ ካደረገ በዓመት 84 በመቶ ከፈለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለመድኃኒት ቢወስደው አልፈርድበትም። ደመወዙ ለዘለቄታው የቀነሰበት ሰው ግን የዚህ ወር ቀዳዳው በሚቀጥለውም ወር እዚያው ነው። ለባለ ቀዳዳ እንስራ ትልቅ ቅል አይገዛለትም።

በሰባተኛው ነጥብ ያለህን ሸጠህ ከዕዳ ነጻ ውጣ ተብሏል። የማይሠራ ሞተር ሳይክል፣ ሁለተኛው ቴሌቪዥን፣ ይሸጥ። እዚህ ጅማ ግን ያለህን ሽጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቤተሰቡ ያለውን ቡና ነው፤ ያውም በዛፉ ላይ ሳለ። ነሐሴ ላይ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሆኖ ለነጋዴ ይሸጣል፣ ብሩ ይበላል፣ ኅዳር ላይ ባለቤቱ የራሱን ቡና ለሌላ ሰው ይለቅማል። ኅዳር ላይ 100 ብር የሚያወጣውን ነሐሴ ላይ በ60 የሰጠ ሰው በሦስት ወር 40 ብር ወለድ ከፍሏል። ይህንን ወለድ ብሎ የሚጽፍ ውል አላየሁም፤ ስሙ ሽያጭ ነውና። ዕዳን ለመክፈል ከዕዳ የባሰ መግባት ይኼ ነው። ከዚያ ይልቅ አበዳሪውን እስከ ኅዳር ወለዱን ብቻ ልክፈል፣ ከቡናው በኋላ ከዋናው ጠቀም ያለ አስገባለሁ ማለት ይሻላል። ማኅበራችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀብሏል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉትም ሰዎች እኮ ቡና ያላቸው ናቸው።

የመጨረሻው፣ ስምንተኛው፣ ችግርህን ለማንም አትንገር፤ አበዳሪ ከሰማ ይደነግጣል፣ ጎረቤት ከሰማ ያማል የሚል ነው። ጎረቤቱ ያማል፣ እውነት ነው። አበዳሪ የሚደነግጠው ግን ክፍያው በቀረ ቀን ነው፤ ቀድሞ የተነገረው አበዳሪ ካልኩሌተር ያወጣል። በሰው ገንዘብ ላይ ኮሚቴ ሆኖ የተቀመጠ ሁሉ ይህንን ያውቃል። የድሮውንና የአዲሱን ደመወዝ ወረቀት፣ ያሉባችሁን ዕዳዎች ዝርዝር፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ ስንት መክፈል እንደምትችሉ የሚገልጽ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ቁጥሩ ትንሽ ይሁን፣ ግን የማይታጠፍ ይሁን። ተባበሩኝ ብቻ የሚል ደብዳቤ ኮሚቴውን በግምት እንዲወስን ያደርገዋል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ለ8 ወር በወር 1,300 እከፍላለሁ የሚል ደብዳቤ ግን ለመወሰን አያስቸግርም።

ከአበዳሪውም በፊት ለዋሱ ይነገረው። ይህንን የምለው ሰውን እየመከርኩ ብቻ አይደለም። እኔም ከዚያው ማኅበር የወሰድኩት ብድር አለብኝ፤ ማመልከቻዬ በታየበት ስብሰባ ላይ ከክፍሉ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር፣ ለካ የበረንዳው ጣሪያ ያፈሳል። ከማመልከቻው ሁለት ቀን በፊት ግን ዋሴ የሆነችውን ባልደረባዬን ከሥራ መልስ ቡና ጋብዤ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ካለች ትንሽ ቤት ተቀመጥን። እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ ስለ ልጆች አወራን። ከዚያ ነገርኳት፤ በወር የምከፍለው እንደሚያንስ፣ ጊዜው እንደሚረዝም፣ የእርሷም ዋስትና ከዚያ ጋር እንደሚረዝም።

ስኒውን አስቀመጠችና «እኔም ዛሬ ልነግርሽ ነበር እኮ» አለችኝ። የእርሷ ዋስ እኔ ነኝ።